ፎቶው ተቀባይነት አላገኘም

በሕይወቴ ግራ የገባኝ ቀን ብዙ ነው፤ እንደዚያ ረቡዕ ግን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አንዲት ፎቶ ዌብሳይት ላይ መጫን አቅቶኝ፣ ዲግሪዬንም ጉራዬንም ውኃ ሲበላቸው የዋልኩበት ቀን ነው። ኮምፒውተር የማታውቁ አንባቢዎች አትፍሩ፤ ያን ቀን እኔም ከእናንተ አልሻልም ነበር።

ያኔ ነቀምቴ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ትውልዴ ቢቸና ነው። ለሥራ ስመጣ "ስድስት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ" ብዬ ነበር፣ ይኸው አለሁ። የምሠራው በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቅርንጫፍ ቢሮ ነው። በወረቀት የአይቲ ባለሙያ እባላለሁ፤ በተግባር ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ የማወጣውም፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ሲሞላ ፎቶ የምቀንስለትም እኔ ነኝ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ "አከም ጅርቱ" ብዬ ሰላምታውን አደርስና ዋጋ ከጠየቅኩ በኋላ ይከዳኛል። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ ቁጡ ነበርኩ። ቁጡ ብቻም አልነበርኩም፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ያበላሸው ሌላ ሰው ነው ብዬ የምነሳ ሰው ነበርኩ። የሚደውልልኝ ሰው ገና "ሄሎ" ሳይል ጥፋተኛ ነው።

ማኅበራችን በዓመት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ያስመጣል። ቃጠሎ እጃቸውን ያኮማተረባቸውን፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱትን ጥቂት ቀን ተቀምጠው ያክማሉ። የሚያክሙትን የሚመርጡት ግን ቀድመው ጉዳቱን በፎቶ አይተው ነው። ድሮ ፎቶው በቴሌግራም ይላክ ነበር፤ የአንዱ እጅ ከሌላው ስም ጋር እየተደባለቀ ስላስቸገረ እኔ ዌብሳይት ሠራሁ። የሲሬ፣ የአኖ፣ የአርጆና የሌሎቹም ከተሞች ነርሶች የታካሚውን ስም ይሞላሉ፣ ፎቶውን ያያይዛሉ፣ ገጹ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፎቶ የሌለው ቁጥር አያገኝም፤ ቁጥር የሌለውን ሐኪሞቹ አያዩትም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኮራበትም ነበር።

ዌብሳይቱን ያስቀመጥነው በኪራይ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ክፍል ክፍሉን ይዞ እንደሚኖረው ሁሉ፣ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ድርጅት አብሮ ይኖራል። አከራዩ ድርጅት አዲስ አበባ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ በየት አገር እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእኛ ክፍል ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ፣ በእኔ እጅ ብቻ ነበር። አስተባባሪያችን ሲስተር ኩለኒ እንኳ አልነበራትም። ሲስተር ኩለኒ የነቀምቴ ተወላጅ ናት፤ በዕድሜ ታላቅ እህቴን ታክላለች፤ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ልቧ ታስኬዳለች። ፎቶ አልገባ ሲል የሚወጣውን ጽሑፍ እኔ በአማርኛ "ፎቶው ተቀባይነት አላገኘም" ብዬ ጻፍኩት፣ እሷ ወደ ኦሮምኛ መለሰችልኝ። ያኔ "ይሄ ነገር አልከበደም?" ብላኝ ነበር። የቢሮ ቋንቋ ነው ብዬ ዘጋኋት።

ጥር ላይ ደግሞ የሲሬ ጤና ጣቢያ ሰዎች አናደዱኝ። ገጹ ፎቶ ቶሎ እንደሚቀበል አይተው የሠርግ ፎቶ ይጭኑበት ጀመር። የታካሚዎች ዝርዝር ውስጥ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ተደርድራ ቆማ አገኘኋት። ደውዬ የቻልኩትን ያህል ጮህኩባቸው፤ እነሱ ደግሞ እየሳቁ "እንኳን ደስ አላችሁ በለን እንጂ" አሉኝ። ቆሽቴ አረረ። ወሩ ሲያልቅ ሠርጉም አለቀ፣ ነገሩን ረሳሁት።

የምዝገባው መጨረሻ ሳምንት ደረሰ። ረቡዕ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት የአርጆው ነርስ ገመቹ ደወለና ፎቶ አልገባ እንዳለው ነገረኝ። ሲሬም አኖም ባለፈው ሳምንት ጨርሰው ስለነበር ከእሱ ሌላ የደወለ የለም፤ ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ሆነኝ፣ ችግሩ አርጆ ነው። ፎቶው ከብዶ ነው፣ አሳንሰህ ድገመው አልኩት። ከሰዓት ሲደውል ስልክህ ነው፣ በሌላ ስልክ አንሳ አልኩት። ማክሰኞ ሲደውል ብርሃን የለውም፣ ውጭ አውጥተህ አንሳ፣ ኔትወርክም አይተህ ሞክር አልኩት። ማክሰኞ ማታ ላይ የደወለውን አላነሳሁለትም። ፎቶው የማን እንደሆነ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ቢሮ ገቡ። አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ ጫማቸው በአቧራ የቀላ እናት ናቸው። ሌላዋ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀኝ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ሲስተር ኩለኒ ተነስታ ተቀበለቻቸው። እዚህ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ደህና መሆኑ ይጠየቃል። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ "መቼ ይጨርሱ ይሆን" እላለሁ። ከዚያ እናትየው ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ለእኔ ዘረጉልኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ የቀረውን ሲስተር ኩለኒ ተረጎመችው። "ከአርጆ ነው የመጣነው። የልጄ ፎቶ ተቀባይነት አላገኘም ብላችሁ ጻፋችሁ። ምን እንዳጠፋን ስላላወቅን ደብዳቤ አጽፈን መጥተናል።"

ወረቀቱን ሲስተር ኩለኒ አነበበችልኝ። የቀበሌ ማኅተም አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የወረዳ ማኅተም ተደርቦበታል። ራስጌው ላይ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። ወጣት ለሊሴ የቀበሌያችን ነዋሪ ናት፣ ጠባይዋ የተመሰገነ ነው፣ በልጅነቷ እሳት ላይ ወድቃ እጇ ተጎድቷል፣ ስለዚህ ፎቶዋ ተቀባይነት እንዲያገኝ በአክብሮት እንጠይቃለን ይላል። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ገባኝ። በእኛ አገር አንድ ቢሮ እምቢ ካለህ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ትመለሳለህ፤ እኔም ራሴ ቤት ስከራይ፣ መታወቂያ ሳወጣ ያደረግኩት ይኸንኑ ነው። እሳቸው ሰኞ ቀበሌ፣ ማክሰኞ ወረዳ ሲመላለሱ ሰንብተው ረቡዕ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ።

ማንም እንዳልከለከላቸው፣ ችግሩ የማሽን መሆኑን አስረዳኋቸው። ሲስተር ኩለኒ ስትነግራቸው እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማሽን በራሱ ተነስቶ ሰውን አይከለክልም" አሉ። "ከልክል ብሎ የነገረው ሰው አለ።"

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። አሁኑኑ እናስገባዋለን አልኩ፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

ሲስተር ኩለኒ በራሷ ስልክ አዲስ ፎቶ እንድታነሳ ነገርኳት። ለሊሴ ሻሹን ቀስ ብላ ፈታች። ጣቶቿ ወደ መዳፏ ተጣጥፈው ቆዳው አጣብቋቸዋል፣ አንጓዋም ተጎትቶ ጎብጧል። እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፎቶው ተነሳ፣ ጫንኩት፤ ቀዩ ጽሑፍ ወጣ፣ ተቀባይነት አላገኘም። አሳንሼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። በቢሮው ካሜራ አንሺያት አልኩ። ለሊሴ ሻሹን እንደገና ፈታች፣ ፊቷን እንደገና አዞረች። ያው ነው። መስኮቱ ጋ ሄደን፣ ከዚያ በእኔ ስልክ፣ በሌላ ዓይነት ፋይል። በአራተኛው እናትየው አንድ ነገር ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"አርጆ ላይ ዘጠኝ ጊዜ አንስተዋታል ነው የምትለው። ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት እንኳ ይሄን እጅ አሳይታ አታውቅም፣ በግራዋ ነው የምትጽፈው።" ከዚያ ጨመረች፣ "ድገሙ እያልክ የነገርካቸው አንተ ነህ ትላለች።"

ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ "ድገመው" ስል አንድ ፋይል ነበር የታየኝ። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሺ አላልኩም።

የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። የፈቃድ ስህተት ነው ይላል፤ ፎቶውን ለማስቀመጥ ቦታ መክፈት አልቻልኩም ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ፎልደር ሦስት አኃዝ ይለጠፍበታል፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለባልደረቦቹ፣ አንዱ ለማንኛውም መንገደኛ። ሰባት ከሆነ ግባ፣ እይ፣ አስቀምጥ ማለት ነው። አምስት ከሆነ ግባ፣ እይ፣ ምንም ግን አታስቀምጥ ማለት ነው። የፎቶዎቹን ፎልደር አየሁት፤ ሰባት አምስት አምስት ይላል። ልክ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ነው። ባለቤቱ እኛ ነን፣ ማስቀመጥ እንችላለን። ታዲያ ማነው የሚከለክለን? ዐይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት፣ ያው ልክ ነው። የሚያናድድ ስህተት ብዙ አይቻለሁ፤ ልክ ሆኖ እምቢ የሚል ግን ያን ቀን ገጠመኝ።

አምስት ሰዓት አለፈ። ሲስተር ኩለኒ አዲስ አበባ ላለው የሐኪሞቹ ቢሮ ደወለችና ፎቶውን በቴሌግራም እንላክ ብላ ለመነች። ስልኩን ያነሱት ሴት ቁጥር የሌለው ሰው ለሐኪሞቹ አይቀርብም አሉ፣ ሕጉንም ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ አሉ። በሚመጣው ዓመት ሐኪሞቹ ወደ ወለጋ ስለመምጣታቸውም እርግጠኛ አይደለንም አሉ። ሲስተር ኩለኒ ስልኩን ዘግታ አየችኝ። ያቺ እጅ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቁጥር ካላገኘች ምናልባት መቼም አትታከም ይሆናል።

ያኔ ነው እብደት የሠራሁት። ይሄን ያህል ከሆነ ለዓለም ሁሉ እከፍተዋለሁ ብዬ የዌብሳይቱን ዋና ፎልደር ሰባት ሰባት ሰባት አደረግኩት። ባለቤትም፣ ባልደረባም፣ መንገደኛም ይግባ፣ ያስቀምጥ፣ የፈለገውን ያድርግ። ገጹን እንደገና ስከፍተው ገጹ የለም። ነጭ ወረቀት ላይ "የሰርቨር ስህተት" የምትል አንዲት መስመር ብቻ። የታካሚዎቹ ዝርዝር የለም፣ ፎርሙ የለም፣ ሁሉም የለም።

"ምን አደረግከው?" አለች ሲስተር ኩለኒ ከኋላዬ።

"በሩን ለሁሉም ከፈትኩት፣ ቤቱ ጠፋ።"

አከራዩ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ ረጋ ያለ ነው። ዋናውን ፎልደር ለሁሉም የከፈተው ማነው አለኝ፤ እንጃ አልኩት፣ ዐይኔን ሳላሽ። በጋራ ግቢ አንዱ ተከራይ በሩን በርግዶ ከተወው ሌሎቹም አደጋ ላይ ስለሚወድቁ ሰርቨሩ ራሱ ያንን ቤት ማሳየት እንደሚያቆም አስረዳኝ። እንግዲህ እኔ በከፈትኩ ቁጥር እሱ ይዘጋል። ቁጥሩን መለስኩት፣ ገጹም ተመለሰ። ፎቶውስ ለምን እምቢ ይለናል ብዬ ጠየቅኩት። ከእሱ በኩል የተነካ ነገር እንደሌለ፣ ከእኛ በኩል የሆነ ሰው የዘጋው ነገር እንደሚኖር ነገረኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ "ከእኛ በኩል ማንም የለም፣ ቁልፉ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነው" አልኩት። እንግዲያው እሱም ግራ እንደገባው ነግሮኝ ተሰናበተኝ።

ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ያልነካሁት ነገር የለም። እናትየው ከፌስታላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱና መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። አልራበኝም ብል አይሰሙም፤ ተቀብዬ በላሁ። ሲስተር ኩለኒ "ሃዳ ለሊሴ" ነበር የምትላቸው፣ የለሊሴ እናት፤ እዚህ አገር የወለደች ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። ለሊሴን አማርኛ ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት ተምራለች። እጅሽ ቢድን መጀመሪያ ምን ታደርጊበታለሽ አልኳት፤ ልጽፍበት የምትል መስሎኝ ነበር።

"ፀጉሬን እሠራበታለሁ" አለች። "እማዬ ነች የምትሠራኝ። ዐይኗ እየደከመ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስፋዬ ተሟጠጠ። በፎቶዎቹ ፎልደር ሥር ወዳለው የዓመቱ ፎልደር ገብቼ የወሮቹን ፎልደሮች እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ዌብሳይቱ ፎቶዎችን በየወሩ እየለየ ነው የሚያስቀምጠው፤ ወር በገባ ቁጥር ራሱ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ዜሮ አንድ አለ፣ ዜሮ ሁለት አለ። ሁለቱንም አየኋቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የዛሬን ፎቶ የሚጠብቀው ዜሮ ሁለት ነው ብዬ እሱ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት አፈጠጥኩ። በቢሮው ግድግዳ የተሰቀለው ካሌንደር የካቲት ሃያ አራት ይላል። የወሩ ማለቂያ ገና ስለሆነ ወር ተለወጠ የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈም።

አሥር ሰዓት ከአምስት ሲሆን ሲስተር ኩለኒ ዝም ብዬ አልቀመጥም አለች። የሃዳ ለሊሴን ደብዳቤ አያይዛ ለሐኪሞቹ ቢሮ በኢሜይል አቤቱታ ልትጽፍ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ያሉት ሪፖርት የሚቀበሉት በፈረንጅ ቀን ነው። ደብዳቤውን ከፊቷ ዘርግታ ለራሷ ታጉረመርማለች፣ "የተጻፈበት ቀን፣ የካቲት ሃያ ሁለት... ማርች አንድ።"

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ማርች አንድ። ሰኞ ማርች አንድ ነበር።"

ሰኞ። ገመቹ መጀመሪያ የደወለበት ሰኞ። ለእኛ የካቲት ገና ሳያልቅ፣ ያ ማሽን በሚኖርበት በፈረንጁ ዘመን ግን ሰኞ አዲስ፣ ሦስተኛ ወር ገብቷል። ከሰኞ ጀምሮ የሚፈልገው ዜሮ ሁለትን አይደለም፤ ዜሮ ሦስት የሚባል አዲስ ፎልደር ሊከፍት ይሞክራል፣ ይከለከላል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምመረምረው ማንም የማያንኳኳውን በር ነበር። ዜሮ ሦስትን የሚከለክለው ማነው? አዲሱ ፎልደር የሚከፈተው በዓመቱ ፎልደር ውስጥ ነው። አልፌው ስገባና ስወጣ የዋልኩትን የዓመቱን ፎልደር ቁጥር አየሁ። አምስት አምስት አምስት ይላል። ባለቤቱም ጭምር ምንም እንዳያስቀምጥ ተዘግቷል።

ቁልፉ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ። ጥር መጨረሻ፣ ከሲሬዎቹ ጋር በተጣላሁ ማግሥት፣ "ላሳያችሁ" ብዬ የዓመቱን ፎልደር የዘጋሁት እኔ ነኝ። በነጋታው ሌላ ሙሽራ ገባች። መዝጋቱ አይሠራም ብዬ ተውኩት፣ ረሳሁትም። ለካ ይሠራ ነበር። የዚያን ወር ክፍል ቀድሞ ስለተከፈተ ሙሽራዋ ገባች፤ የዘጋሁት የሚመጣውን ወር ነው። የሲሬ ሰዎችን ልቀጣ የቆለፍኩት በር አንድ ወር ያህል ጠብቆ አርጆ ያለችው ለሊሴ ላይ ተዘጋ።

አምስቱን ወደ ሰባት ለመለወጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሲስተር ኩለኒ ማስተካከሌን አይታ ስልኳን አነሳችና "ላንሳት?" አለች።

"አትንኪያት" አልኩ።

ለገመቹ ደውዬ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያነሳውን፣ ከብዷል ብዬ የጣልኩትን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ላከው፣ ሳላሳንሰው፣ ሳልነካካው ጫንኩት። ገባ። ስልሳ አንድ የሚል ተራ ቁጥር ወጣ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር። ያ ፎቶ ከመጀመሪያውም ምንም አልጎደለውም።

ሲስተር ኩለኒ እልል አላለችም፣ ተቀምጣ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ለሊሴ ሻሿን አጠበቀች። ሃዳ ለሊሴ ግን ጥያቄያቸውን አልረሱም፤ ማን ነበር የከለከለን ብለው ጠየቁኝ።

አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ አፈርኩ፣ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። "ውጭ አገር ያሉ፣ የሰርቨሩ ሰዎች ናቸው" አልኩ። ሲስተር ኩለኒ አንድ አፍታ አየችኝና ተረጎመችላቸው። እናትየው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። የእነዚያን ሰዎች ልብ ስላራራላቸው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ከዚያ ሲስተር ኩለኒን አንድ ነገር አሏት።

"በስማቸው ልጸልይላቸው፣ ስማቸውን ንገረኝ ትልሃለች።"

"አላውቀውም" አልኩ።

ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። መዝገብ ቤት የሚያስፈልግ መስሏቸው ነው።

ለሊሴ ተመረጠች። ሐኪሞቹ በመጋቢት መጥተው እጇን ሠሩላት። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ አላየኋትም፤ ምን ዐይን ኖሮኝ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እስክሪብቶ ፍለጋ በከፈትኩት ቁጥር ሁለቱ ማኅተሞች ያዩኛል። ሲስተር ኩለኒን አንድ ቀን ነገርኳት። ያን ቀን አትንኪያት ስትል ነው የገባኝ አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ እናትና ልጅ ለክትትል ነቀምቴ ሲመጡ ቢሮ ጎራ አሉ። ሐኪሞቹ ከሕክምና በኋላ ያለውን እጅ የሚያሳይ ፎቶ እንድንልክ ጠይቀውን ነበር፣ ሥራው የእኔ ነው። ካሜራውን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሰላምታውን በቻልኩት ኦሮምኛ እስከ መጨረሻው አደረስኩ። ከዚያ ሲስተር ኩለኒን አንዲት ቃል ሳትቀንሺ ንገሪልኝ አልኳት፤ ያን ቀን የከለከላቸው ውጭ አገር ያለ ሰው ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ፣ በሌሎች ተናድጄ ዘግቼ እንደረሳሁት፣ ከዚያም ስማቸውን አላውቅም ብዬ እንደዋሸኋቸው።

ሃዳ ለሊሴ ይራገሙኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው።

"ታዲያ ደብዳቤው ለሚመለከተው ሰው ነው የደረሰው ትላለች" አለች ሲስተር ኩለኒ።

ለሊሴ ግን በቀላሉ አልለቀቀችኝም። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ ሳይተረጎም እንዲደርሰኝ። "አሥራ ሦስት ጊዜ ነው የተነሳሁት" አለች። "አርጆ ዘጠኝ፣ እዚህ አራት። አሥራ አራተኛውን እኔ ስፈልግ ነው።"

እሺ አልኳት። ለሐኪሞቹ ፎቶ እንደሌለ ጻፍኩ። ልትወጣ ስትል ሻሿ ከራሷ ተንሸራተተ፤ እናቷ ሊይዙላት እጃቸውን ሲሰዱ ቀድማ በሁለት እጇ ያዘችው። የቀኝ ጣቶቿ ገና አይፈጥኑም። ሦስቴ ሞክራ አሰረችውና ወጡ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመስኮት ጀርባ የምትቀመጡ፣ ፎርም የምታወጡ፣ ስልክ አንስታችሁ "ድገመው" የምትሉ ሰዎች፣ ይኼን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ተለውጫለሁ ብዬ አልመጻደቅም፤ አሁንም ቶሎ ይሞቀኛል፣ የሲሬዎቹ ሠርግ ሲደርስ አሁንም ያመኛል። ግን ስልክ ሲደወልልኝ አሁን መጀመሪያ ፎቶው የማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የይለፍ ቃሉም አሁን ሲስተር ኩለኒ ጋ አለ። ግድግዳው ላይ ከእኛ ካሌንደር ጎን የፈረንጁን ሰቅያለሁ። ያንን ቀይ ጽሑፍም በሁለቱም ቋንቋ ቀይረነዋል፤ አሁን ፎቶ አልገባ ሲል ገጹ እንዲህ ይላል፣ "ስህተቱ የእኛ ነው። እባክዎ ፎቶውን ደግመው አያንሱ፣ ይደውሉልን።"